ሰማንያ ስድስት ዓመት የተጠበቀ ሌሊት



ዛሬ ስለ ኳስ ነው የማጫውታችሁ። እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካኖች በዱላ የሚመቱት፣ ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ ነው። "እሱ ደግሞ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ሰው እንደሚኖር ይገባኛል። ግን ታገሡኝ። ሰው አባቱ ሳያየው የሞተውን ነገር ሲያይ ምን እንደሚሆን፣ ደግሞም አንድ ከተማ በገዛ እጁ የሠራውን ጥፋት "እርግማን ነው" እያለ ስንት ዘመን ሊኖር እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ስለሆነ ነው ላወራችሁ የወደድኩት።

ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት ከአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ከሱዳን ዕጣው ወደ አሜሪካ ሆነና ቦስተን ገብቶ ቀረ። ለብዙ ዓመታት ከኳስ ሜዳው ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቷል፤ ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ከፊቱ ሬዲዮ አስቀምጦ። እንግሊዝኛዬን ግማሹን የተማርኩት ከዚያ ሬዲዮ ነው ይላል። ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ስልክ ይደውልና ያንኑ ጨዋታ እንደ አዲስ ያወራኛል። አብረውት የሚሠሩት ሽማግሌዎችም እንደዚያው ናቸው አሉ። ሃያ ዓመት ያለፈውን ሌሊት የትናንት አስመስለው ሲጨዋወቱ፣ አንዱ የረሳውን ሌላው እየሞላለት፣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። እኔም ነገሩ ስለያዘኝ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ቪዲዮውንም ደጋግሜ አየሁት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ላላየ ሰው መጀመሪያ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ወርዋሪ 18 ሜትር ያህል ርቆ ይቆምና ኳስ ይወረውራል። የሌላው ቡድን መቺ ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል። ከመቺው ኋላ ቀላቢው ቁጢጥ ብሎ ያለፈችውን ኳስ ይቀበላል። መቺው አግኝቶ ከመታት ሮጦ አንደኛ ቤዝ ላይ ይቆማል፤ ቤዝ ማለት መሬት ላይ የተቸከለ ትራስ መሳይ ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ዞሮ ወደ ተነሣበት የተመለሰ ሰው ለቡድኑ አንድ ነጥብ አገባ። ኳሷን ከአጥር ማዶ ከሰደዳት ደግሞ ሆም ራን ይባላል፤ ያኔ ማንም ሳያባርረው እየተዝናና ይዞራል። ከመቺዎቹ ሦስቱ ከተቃጠሉ (ልጆች ሆነን በሰፈር ጨዋታ "ተቃጥለሃል ውጣ!" እንደምንባባለው ማለት ነው) ተራው ለሌላው ቡድን ያልፋል። እንዲህ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ።

የጨዋታ ማብቂያ ሰዓት የለውም። ዘጠና ደቂቃ አለቀ ተብሎ ፊሽካ አይነፋም። የመጨረሻው ሰው እስኪቃጠል ድረስ የተሸነፈ ቡድን የለም፤ እኩል ከሆኑም እስኪለያዩ ይቀጥላሉ፣ ቢነጋም ይንጋ። ሁለት ነገር ደግሞ ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጉናል። ወርዋሪው አራት ጊዜ አበላሽቶ ከወረወረ መቺው ሳይመታ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል። ቤዝ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ወርዋሪው ኳሷን ሲለቅ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ቤዝ መሮጥ ይችላል። ይሄንን "ቤዝ መስረቅ" ይሉታል። ስርቆት የሚጨበጨብበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም!

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

የቦስተን ቡድን ሬድ ሶክስ ይባላል፣ ቀይ ካልሲዎች ማለት ነው። ከ1903 እስከ 1918 ባሉት ዓመታት አምስት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ወስዷል (አሜሪካኖች በገዛ አገራቸው የሚጫወቱትን ዋንጫ "የዓለም" ይሉታል፤ ይሁንላቸው)። በ1918ቱ ቡድን ውስጥ ቤብ ሩት የሚባል ጎረምሳ ነበር። የቡድኑ ባለቤት ሃሪ ፍሬዚ በ1919 መጨረሻ ላይ ይሄንን ልጅ ለኒውዮርክ ያንኪስ በ100 ሺ ዶላር ሸጠው። ያንኪስ እስከዚያ ቀን አንድም ዋንጫ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ እስከ 2000 ድረስ 26 ወሰደ። ቦስተንስ? ባዶ። በ1946፣ በ1967፣ በ1975 እና በ1986 አራት ጊዜ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ፣ አራቱንም ጊዜ በመጨረሻው በሰባተኛው ጨዋታ ተሸነፈ። በዋንጫው ግጥሚያ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ነው የሚወስደው፤ እንግዲህ ቦስተን ሁልጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ አንዷን ያጣል ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋችው የ1986ቷ ናት። ኦክቶበር 25 ሌሊት፣ ስድስተኛው ጨዋታ፣ ኒውዮርክ ላይ፣ ከሜትስ ጋር። ቦስተን 5 ለ 3 ይመራል፤ ሁለት ሰው ተቃጥሏል፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ ቤዝ ላይ ማንም የለም። ከዚያ ሦስት መቺ በተከታታይ መታ። የተበላሸ ውርወራ መጣና 5 ለ 5 ሆነ። ቀጥላ የመጣችው ቀስ ያለች ኳስ አንደኛ ቤዝ ላይ በቆመው በቢል በክነር እግሮች መሐል አለፈች። 6 ለ 5። በክነር ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን የታመመ፣ ለብዙ ዓመት የተጫወተ፣ የተከበረ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙ ለቦስተን ሰው የስድብ ቃል ሆነ። ልብ በሉ፤ ኳሷ በእግሩ መሐል ስታልፍ ጨዋታው ቀድሞ እኩል ሆኖ ነበር። እሪ የተባለበት ግን እሱ ብቻ ነው። ሰው ሲጨንቀው ጥፋቱን የሚያሸክመው አንድ ጀርባ ይፈልጋል።

በዚህ መሐል ነው "የባምቢኖ እርግማን" የሚባለው ወሬ የተስፋፋው። ባምቢኖ የቤብ ሩት ቅጽል ስም ነው። ሩትን በመሸጣችን ተረግመናል አሉ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው በቁም ነገር ያወሩት ነበር።

እኔ በዚህ እርግማን አላምንም። ለምን እንደማላምን ልንገራችሁ።

በ1945 በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ግን ማንም አያስገባቸውም። በዚያን ጊዜ በቦስተን ከተማ ምክር ቤት አይዛዶር ማችኒክ የሚባል አይሁዳዊ አባል ነበር። ቡድኖቹ እሑድ ለመጫወት የምክር ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ማችኒክም "ጥቁሮችን ካልፈተናችሁ ለእሑዱ ፈቃድ ድምፄን አልሰጥም" ብሎ ያዛቸው። ዌንዴል ስሚዝ የሚባል ጥቁር ጋዜጠኛ ሦስት ተጫዋቾች ይዞ መጣ፦ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ሳም ጀትሮ እና ማርቪን ዊልያምስ። ኤፕሪል 16 ቀን ፌንዌይ ፓርክ በሚባለው የሬድ ሶክስ ሜዳ ላይ ለይስሙላ ተፈተኑ። "እንጠራችኋለን" ተባሉ። የጠራቸው የለም።

ሮቢንሰን በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ገብቶ የሊጉን የቀለም አጥር ሰበረ፤ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ጀትሮ ደግሞ በ1950 ይሄንኑ ክብር አገኘ። በየት ቡድን? እዚያው ቦስተን በነበረው በሌላው ቡድን፣ በብሬቭስ! ሬድ ሶክስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ፓምፕሲ ግሪንን፣ ያሰለፈው በጁላይ 1959 ነው። ከአሥራ ስድስቱ ቡድኖች የመጨረሻው መሆኑ ነው፤ ከሮቢንሰን አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። እንግዲህ ሌሎቹ ጎበዝ ጎበዙን ሲሰበስቡ አንተ በርህን ዘግተህ ተቀምጠህ፣ ሲያቅትህ "የሞተ ሰው ረገመኝ" ትላለህ? በነጭ ቀለም የተጻፈውን እርግማን ቤብ ሩት አልጻፈውም። በዚያ ዘመን የቡድኑ ባለቤት በነበረው በቶም ያውኪ ስም የተሰየመው የሜዳው አጠገብ መንገድ ስሙ የተነሣው ገና በ2018 ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን ይሄን ስነግረው "ይሄን አውቃለሁ፤ እሱን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል" አለኝ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ በ2003 ሬድ ሶክስና ያንኪስ ለዋንጫ ግጥሚያ ለማለፍ ተገናኙ። ሰባተኛው ጨዋታ፣ ስምንተኛው ዙር፣ ቦስተን 5 ለ 2 ይመራል። አሠልጣኙ ግሬዲ ሊትል የደከመውን ወርዋሪ ፔድሮ ማርቲኔዝን ሳያወጣው ቆየ፤ 5 ለ 5 ሆነ። በአሥራ አንደኛው ዙር አሮን ቡን የሚባል የያንኪስ ልጅ የመጀመሪያዋን ኳስ ከአጥር ማዶ ሰደዳት። አለቀ። ሊትልም ሥራውን አጣ፤ በቦታው ቴሪ ፍራንኮና መጣ። በዚያን ጊዜ ቡድኑን የሚያስተዳድረው ቴዎ ኤፕስታይን የሚባል የቦስተን አካባቢ አይሁዳዊ ወጣት ነበር፤ ሥራውን ሲይዝ ገና 28 ዓመቱ ነው።

በ2004 ኦክቶበር እንደገና እነዚያው ሁለቱ ተገናኙ። ያንኪስ የመጀመሪያውን 10 ለ 7፣ ሁለተኛውን 3 ለ 1 አሸነፈ። ሦስተኛው ቦስተን ላይ ነበር። 19 ለ 8! በገዛ ሜዳህ 19 መቆጠር ማለት በገዛ ሠርግህ እንደ መደብደብ ነው። ሦስት ለባዶ ሆነ። ከዚያ በፊት 25 ቡድኖች በእንዲህ ዓይነት ግጥሚያ ሦስት ለባዶ ተመርተው ነበር፤ ተነሥቶ ያሸነፈ አንድም የለም። የቦስተን ጋዜጦች የቀብር ወሬ ነበር የጻፉት።

በዚያን ጊዜ ተስፋ ያልቆረጠው ኬቨን ሚላር የሚባል ለፍላፊ ተጫዋች ብቻ ይመስል ነበር። ከአራተኛው ጨዋታ በፊት ሜዳ ላይ ያገኘውን ሁሉ፣ "ዛሬ ማታ ብቻ እንድናሸንፍ እንዳትፈቅዱልን፤ ነገ ፔድሮ አለን፣ ቀጥሎ ሺሊንግ አለን፣ ከዚያ ሰባተኛው ነው፣ ሰባተኛው ላይ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል" የሚል ነገር ይለው ነበር። ሰው ይስቅበት ነበር።

ኦክቶበር 17 ቀን፣ እሑድ ማታ። ብርድ ነው። ፌንዌይ ፓርክ በ1912 የተሠራ ጠባብ አሮጌ ሜዳ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወደ 35 ሺ ሰው ነበር የሚይዘው። በዚያን ሌሊት የአክስቴ ልጅ ፈረቃ ላይ ነበር። ከስምንተኛው ዙር በኋላ ጥቂት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አይቷል። ያንኪስ 4 ለ 3 ይመራል፤ የተሰለፈው ወርዋሪ ደግሞ ማሪያኖ ሪቬራ ነው፤ ምን ይጠበቃል? ዛሬ ግን፣ ይላል የአክስቴ ልጅ እየሳቀ፣ ቦስተንን ከዳር እስከ ዳር ብታስስ "በዚያን ሌሊት ጥዬ ሄድኩ" የሚል ሰው አታገኝም። ሁሉም ሜዳ ውስጥ ነበር! እነዚያን የሸኘኋቸውን መኪኖች ማን ነዳቸው እንግዲህ?

ስለ ሪቬራ አንድ ነገር ልበላችሁ። ፓናማ ውስጥ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ልጅ ሆኖ ከካርቶን በሠራው ጓንት ነበር የሚጫወተው። ጨዋታን በድል ዘግቶ በመውጣት እስከዛሬ አቻ አልተገኘለትም። በ2019 የቤዝቦል የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገባ አንድም ተቃዋሚ ድምፅ አልነበረም፤ በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ያንኪስ መርቶ እሱ ከገባ ሰው ኮቱን ይለብስ ነበር።

ዘጠነኛው ዙር ደረሰ። የቦስተን የመጨረሻ ዕድል ነው። የመጀመሪያው መቺ ያ ለፍላፊው ሚላር ነው። ሪቬራ አራት ኳስ አበላሸና ሚላር በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄደ። እነሆ! የታላቁ መነሣት መጀመሪያ ይሄ ነው። ማንም ምንም አልመታም። አንድ ሰው ዱላውን ይዞ ዝም ብሎ ታገሠ።

ሚላር ሯጭ አይደለም። ስለዚህ ፍራንኮና በእሱ ቦታ ዴቭ ሮበርትስን አስገባ። ሮበርትስ ማን ነው? በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ነው። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ የማሪን ጦር ወታደር፣ እናቱ ጃፓናዊት፤ እሱ የተወለደው ኦኪናዋ ነው። ሥራው መሮጥ ነው፤ በዚያ ዓመት 41 ጊዜ ሊሰርቅ ሞክሮ 38ቱን ተሳክቶለታል። አሠልጣኙ ምንም ትእዛዝ አልሰጠውም፤ ሲወጣ ጥቅሻ ብቻ ነው የጠቀሰው። ሮበርትስም ገባው።

ለነገሩ ሜዳ ውስጥ ላለው ሁሉ ገብቶታል። ሊሰርቅ እንደሆነ 35 ሺ ሰው ያውቃል፣ ሪቬራ ያውቃል፣ ቀላቢው ሆርሄ ፖሳዳ ያውቃል። ሮበርትስ ኋላ እንደተናገረው፣ በ1962 በአንድ ዓመት 104 ቤዝ የሰረቀው ታላቁ ሞሪ ዊልስ ሲያሠለጥነው አንድ ነገር ነግሮት ነበር። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እንደምትሰርቅ እያወቀ መስረቅ ያለብህ ሰዓት ይመጣል፤ ያን ቀን እንዳትፈራ፣ ብሎት ነበር። አንደኛ ቤዝ ላይ ሲቆም ያሰበው ይሄንኑ ነው።

ሪቬራ ወደ መቺው ሳይወረውር ፊቱን አዙሮ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ። ሮበርትስ ተመለሰ። ደግሞ ወረወረ። ተመለሰ። ሦስተኛ ወረወረ፤ በዚህኛው ለጥቂት ነው የተረፈው። ያ ሁሉ ውርወራ ያስደነገጠው ይመስላችኋል፤ ሮበርትስ ግን ሲያወራው ከሰዓታት መቀመጥ በኋላ ሰውነቴን ያፍታታልኝ፣ ጨዋታው ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው ይላል። ከዚያ ሪቬራ የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ መቺው ለቀቀ፤ ሮበርትስም ተነሣ። ፖሳዳ ኳሷን ቀልቦ እንደ ቀስት ወረወራት። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ዴሬክ ጂተር ተቀብሎ በጓንቱ ነካው። የሮበርትስ እጅ ግን ቀድሞ ቤዙ ላይ ነበር። በቪዲዮ አዝግመህ ስታየው ልዩነቱ ስንዝር አይሞላም። ዳኛው እጆቹን ዘረጋ። አልተቃጠለም!

27 ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሮጠው። የሦስት ለባዶው ግጥሚያ፣ የሰማንያ ስድስቱ ዓመት፣ የአያት የቅድመ አያት ጥበቃ ሁሉ በዚያች ስንዝር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን ከበክነር ጎን የሚጠሩት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም።

መቺው ቢል ሚለር ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ግን በዚያው ዓመት ጁላይ 24 ቀን በዚሁ ሜዳ ከዚሁ ከሪቬራ ላይ ሆም ራን መትቶ ጨዋታ ጨርሶ ነበር። አሁንም መታት፤ ኳሷ በሪቬራ አጠገብ አልፋ ወደ መሐል ሜዳ ወጣች። ሮበርትስ ሦስተኛን ዞሮ ገባ። 4 ለ 4! የአክስቴ ልጅ ጩኸቱን መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል፣ ቀጥሎ በሬዲዮ ነው የሰማው፤ የሬዲዮው ለጥቂት ሰከንድ ይዘገያልና።

በዚያው ዙር ጨርሰውት ይሄዱ ነበር። ቤዞቹ ሞልተው ዴቪድ ኦርቲዝ ዱላ ይዞ ቆመ፤ ግን ኳሷን ወደ ላይ አጓናት፣ ቀለቧት፣ ተቃጠለ። ሽማግሌዎቹ ይሄን ሲያወሩ ይዘሉታል። እኔ ግን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከሦስት ዙር በኋላ ያው ሰው ተመልሶ መጣ። አሥረኛው አለፈ፣ አሥራ አንደኛው አለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ማኒ ራሚሬዝ መትቶ አንደኛ ቤዝ ያዘ። ኦርቲዝ ቀጠለ። ፖል ኳንትሪል ወረወረ። ኦርቲዝ በቀኝ በኩል ከአጥሩ ማዶ ላካት። 6 ለ 4። በእነሱ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ22 ደቂቃ፤ እዚህ እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበት ሰዓት ነው። ከአምስት ሰዓት በላይ ተጫውተዋል።

ኦርቲዝ ዞሮ ሲገባ ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ ጠቆመ። ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል፤ እናቱ በ2002 መጀመሪያ ላይ በመኪና አደጋ ነው የሞተችው። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ነው። በዚያው በ2002 መጨረሻ ሚኒሶታ የነበረው ቡድኑ አያስፈልግህም ብሎ አሰናብቶት ነበር። በ2008 ቦስተን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጽሞ የአሜሪካ ዜጋ ሆነ። አንዱ የኦኪናዋ ልጅ፣ አንዱ ከሳንቶ ዶሚንጎ፤ ጥቁር ላለማስገባት ከሁሉም በላይ የታገለውን ቡድን በዚያ ሌሊት ያዳኑት እነዚህ ናቸው። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለቴ ግን አይደለም፤ በ2017 የባልቲሞሩ አዳም ጆንስ በዚያው ሜዳ በቀለሙ መሰደቡን በይፋ ተናግሯል።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርሰው። በዚያው ቀን ማታ አምስተኛውን ጨዋታ አሥራ አራት ዙር ተጫውተው 5 ለ 4 አሸነፉ፤ የጨረሰው አሁንም ኦርቲዝ፣ በስምንተኛው ዙር ሮጦ እኩል ያደረገው አሁንም ሮበርትስ ነው። ስድስተኛውን ከርት ሺሊንግ የተጎዳ ጅማቱን ሐኪም በስፌት አስይዞለት፣ ካልሲው በደም ርሶ 4 ለ 2 አሸነፈ። ሰባተኛውን ያንኪስ ሜዳ ላይ 10 ለ 3። ከዚያ ሴንት ሉዊስን አራት ለባዶ ጠርገው ኦክቶበር 27 ቀን 2004 ዋንጫውን ወሰዱ። በዚያን ሌሊት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ቀልታ ነበር። ከሦስት ለባዶ ተነሥቶ ያሸነፈ የአሜሪካ ትልቁ ሊግ ቡድን እስከዛሬ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ድምፃቸው የሚለወጥበት ቦታ ላይ ደረስን። ዋንጫው በገባ ማግሥትና በቀጠሉት ቀናት በቦስተንና በዙሪያው ያሉ የመቃብር ቦታዎች ሰው በሰው ሆኑ። የቡድኑን ቆብ፣ ባንዲራ፣ "አሸነፍን" የሚለውን የዕለቱን ጋዜጣ ይዞ የአባቱ መቃብር ላይ ያላስቀመጠ የለም። በ1920ዎቹ ተወልዶ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት ኖሮ፣ በየበልጉ "ዘንድሮ ነው" ብሎ በየመኸሩ አንገቱን ደፍቶ ሳያይ የሞተ ብዙ ነው። ጨዋታን ሱዳን ላይ ከቀበርናቸው ጋር ማወዳደር አልፈልግም፤ ለየቅል ነው። ግን የደረሰ ሰው ያልደረሰውን ሲያስብ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

"የት ነበርክ?" ነው የሚባባሉት እስከዛሬ። አንዱ ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ተናድጄ ቴሌቪዥኑን ሸጥኩት ይላል። አንዱ ዘጠነኛው ዙር ሳይደርስ ተኝቼ ሚስቴ በጩኸት ቀሰቀሰችኝ ይላል። አንዱ የታመመ አባቱን ሆስፒታል እያስታመመ ነበር፤ አባቱ ሮበርትስ ሲሮጥ አየ፣ ዋንጫውን ግን አላየም። የአክስቴ ልጅ እንደሚለው ይሄ ሰውዬ ስለ ሆም ራኑ አያወራም። ስለ ሩጫዋ ብቻ ነው የሚያወራው።

ሮበርትስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ ሳን ዲዬጎ ተላለፈ። በዋንጫው ግጥሚያ አንድም ጊዜ አልተሰለፈም። በኋላ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አሠልጣኝ ሆኖ በ2020፣ በ2024 እና በ2025 ዋንጫ ወሰደ። ቦስተን ሲመጣ ግን አሁንም ያቺን አንዲት ሩጫ ብለው ነው ተነሥተው የሚያጨበጭቡለት።

ቢል በክነር ደግሞ ከ1986ቱ በኋላ ስድቡ ሲበዛበት ቤተሰቡን ይዞ ወደ አይዳሆ ሄዶ ነበር። ሬድ ሶክስ በ2007 እንደገና ዋንጫ ወስዶ በኤፕሪል 2008 የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ፌንዌይ ላይ ሲከፍት፣ የመክፈቻዋን ኳስ እንዲወረውር ጠሩት። በግራ በኩል ካለው ትልቁ አረንጓዴ ግንብ ሥር ወጥቶ ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ጭብጨባው አላቆም አለ። በክነር እንባውን ጠረገ። ከዚያ ወርዋሪው የሚቆምበት ላይ ቆሞ ኳሷን ወረወረ፤ የጥንት ጓደኛው ድዋይት ኢቫንስ ቀለበለት።